አባባ እንግዳ አለባቸው

የመንደሩን ስም አልጽፈውም። ከጻፍኩት ሰው ይመጣል፤ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚከተል ደግሞ እስከ መጨረሻው ያነበበ ይደርስበታል። ከሸዋ ሮቢት በስተምሥራቅ፣ ባጃጅ እስከቻለ በባጃጅ፣ ባጃጅ ሲያቅተው በእግር የሚወጣ ጉብታ ላይ ያለ የድንጋይ መንደር ነው ብዬ ልለፈው። እንዲህ ያለ ጉብታ ይፋት ውስጥ ሞልቷልና ይህን ያህል ብናገር ምስጢር አላወጣሁም።

እኔ ለአገሩ ባዳ ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ በሥራ ምደባ ወደ ሮቢት የወረድኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ የቆየ ነገር እየፈለጉ መመዝገብና ጎብኚ መጥቶ እንዲያየው ማድረግ ነው። ሲመድቡኝ "ትንሽ ይሞቃል" ብለውኝ ነበር። ትንሽ ይሞቃል! በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ጥቁር ጃንጥላ ገዛሁ፤ እጀታው ቆልመም ያለ፣ ሽማግሌዎች ይዘውት ለቅሶ የሚደርሱት ዓይነት። በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚሄድ ጎልማሳ ወንድ በከተማው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ባለ ባጃጆቹ አጠገቤ ሲደርሱ ፍጥነት ቀነስ እያደረጉ "ጋሼ፣ ዝናቡ የት ደረሰ?" ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እናደድ ነበር። ኋላ ላይ "ደብረ ሲናን አልፏል" ማለት ለመድኩ።

አንድ ጊዜ ስልጠና ተጠራሁ። አሠልጣኙ የእስክሪብቶውን ክዳን እንኳ ረጋ ብሎ የሚከፍት ሰው ነበር። ዘመኑ "የዘገም ያለ ጉብኝት" ነው አለን። ጎብኚ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ተመልሶ የሚሳፈርበት ጊዜ አልፏል፤ የዛሬ ጎብኚ የሚሻው ትንሽ፣ የቆየ፣ ጸጥ ያለ መንደር ነው። ሄዶ ቁጭ ይላል፣ በእግሩ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ያገኘውን ሰው ያናግራል፣ አይቸኩልም። አጠገቤ የተቀመጠው የማጀቴ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይሄማ አጎቴ ነው" አለኝ። "ሥራ ፈት እንለው ነበር እኮ፤ ለካ ጎብኚ ኖሯል!"

ሐሳቡን ወድጄው ተመለስኩ። ለአለቃዬ ስነግረው እሱም ወደደው። "በጣም ጥሩ ነው! በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ዘገም ያለ መንደር ታደርስልኛለህ? በል ቶሎ ቶሎ በል" አለኝ።

ቶሎ ቶሎ አልኩ። የመመዝገቢያ ቅጼን ይዤ፣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ወደ ጉብታው ወጣሁ። የታችኛው መንደር ከመኪናው መንገድ ዳር ነው፤ የቆርቆሮ ቤትና ሱቅ የተደረደረበት። ሰዉ በሙሉ ከላይ ወደዚያ ወርዷል። ውሃው፣ ትምህርት ቤቱ፣ መብራቱም እዚያ ስለሆነ አይፈረድበትም። ላይኛው መንደር ግን እንዳለ ቀርቷል። ቤቶቹ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተካበ፣ በየመሐሉ የወይራ ግንድ እየተጋደመ የተሠሩ ናቸው፤ ጣሪያቸው ሰው የሚቆምበት ጠፍጣፋ አፈር ነው። ምድር ቤቱ ለፍየል፣ ፎቁ ለሰው። የሚበዙት ፈርሰው ቁልቋል በቅሎባቸዋል። ሰው ያለበት የሚመስለው አንዱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ገና ከሩቅ ጀምረው አወጣጤን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ስደርስ ጃንጥላዬን ትኩር ብለው አዩና "መርሐባ ልጄ። ማን ሞተ?" አሉኝ።

"ማንም አልሞተም አባባ" አልኩ እያለከለክሁ። "ቤትዎን ልመዘግብ ነው።"

"ምነው? ጠፍቶ ነበር?"

ውሃ በጣሳ ሰጡኝና ተቀመጥን። ቅጼን አወጣሁ። የተሠራበት ዘመን ይላል። "የአያቴ ቤት ነው" አሉኝ፤ ጻፍኩ። ፍየል አልበው ወተት ካጠጡኝ በኋላ ቤቱ የአያታቸው አያት ሆነ፤ ሰረዝኩና ጻፍኩ። የማሽላ እሸት ጠብሰው ስንቆረጥም ሐርላዎች ዘንድ ደረስን። ሐርላ የሚባሉት በዚያ አገር ከሰው ሁሉ በፊት ነበሩ የሚባሉ፣ ይህን ሁሉ ድንጋይ በአንድ እጃቸው ያነሱ ነበር የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ትንሽ ብቆይ ኖኅም ባደረበት ነበር፤ እኔም እንግዲህ "በጣም የቆየ" ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያ አለው ወይ ይላል።

"ፍየሎቹን ካስወጣናቸው ይገባል" አሉኝ አባባ፣ የምራቸውን።

ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ሮቢት ነው፤ እሳቸው ከፍየሎቻቸው ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ቅጽ የሚሞላ ሰው ቅጹ ያልጠየቀውን ነገር በግማሽ ጆሮው ነው የሚሰማው። ተነሣሁ፤ አመሰገንኩ። ከዚያም ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምክንያት የሆነችውን ነገር ተናገርኩ።

"እንግዳ ይዤ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ" አልኩ።

እኔ ባደግሁበት ሠፈር "እመጣለሁ" ማለት ደህና ዋሉ ማለት ነው። ማንም አይጠብቅህም፤ ብትመጣ እንዲያውም ትደነቃለህ። "ኢንሻአላህ" የሚለውን ደግሞ፣ ክርስቲያን ብሆንም፣ እሳቸውን ደስ ይበላቸው ብዬ ከላይ ጣል አደረግሁት። አባባ ግን እጄን ያዙና አልለቅም አሉ።

"ኢንሻአላህ አልክ?"

"አዎ።"

"ስንት ይሆናሉ?"

"ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። በቅርብ እመጣለሁ።"

"በቅርብ አትበል። አላህ ባለው ቀን በል። ቀስ ብለው ይምጡ። አትቸኩል።"

ቁልቁለቱን ስወርድ አሠልጣኛችን ምነው እኚህን ሰው ባገኛቸው እያልኩ ነበር።

ያ ዓመት ለመንገድ የሚመች ዓመት አልነበረም። አጣዬ የደረሰባትን የማያውቅ የለም፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲከፈት እንገረማለን፣ ሲዘጋ አንገረምም። ለማን ደውዬ "ኑና ቀስ ብላችሁ ተዝናኑ" እላለሁ? ቃሌ እንደ ብዙ ቃሎቼ ሊረሳ ነበር። ያላስረሳኝ ከታችኛው መንደር ማሾ ይዘው ወደ ሮቢት ገበያ የሚወጡ አንድ እትዬ ናቸው። በየገበያው ቀን ፈልገው ያገኙኛል።

"ጋሼ፣ እንግዶቹ መጡ ወይ ብለዋል አባባ።"

"ገና ናቸው እትዬ። አልመጡም ይበሏቸው።"

በሚቀጥለው ገበያ "ነገሯቸው? ምን አሉ?" እላለሁ።

"አልሐምዱሊላህ አሉ።"

ቀጥሎም እንዲሁ። እንግዳ አልመጣም በተባሉ ቁጥር አልሐምዱሊላህ። ይህን የመሰለ ትዕግሥት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበርና ለአለቃዬ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ "ማኅበረሰቡ ጎብኚዎችን በከፍተኛ ትዕግሥትና በምስጋና እየተጠባበቀ ይገኛል" የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። ውስጤን ግን እፍረት ይበላው ጀመር። እትዬን ከሩቅ ሳይ ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ፊቴን እሸፍናለሁ፤ በከተማው የሚታወቀው ጃንጥላ የእኔው መሆኑ ትዝ የሚለኝ እሳቸው "ጋሼ!" ብለው ሲጠሩኝ ነው።

አንድ ቀን አንድ ቁመተ ረጅም ሰው ወደ ቢሮዬ ገባና ሳይቀመጥ "አባቴን ተራራ ላይ ያሰርከው አንተ ነህ?" አለኝ።

የአባባ ልጅ ነው። ሮቢት ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። አስቀመጥኩት፤ ውሃ አጠጣሁት፤ ትንሽ ሲበርድለት ነገረኝ። ግቢው ውስጥ ለአባቱ አንድ ክፍል ሠርቷል፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ላይ ማራገቢያ ያለው። ባለፈው ክረምት አባባ ከድንጋዩ ደረጃ ተንሸራተው ወድቀው፣ የታች ሰው ፍየል ፍለጋ ወጥቶ እስኪያገኛቸው ድረስ እዚያው ተኝተው ነበር። እኔም ቅጼን ስሞላ ያልሰማሁት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ገባኝ።

"ይውረዱ ስላቸው እምቢ አይሉም" አለኝ። "እሺ ነው የሚሉኝ። እሺ፣ ግን እንግዳ አለብኝ ይላሉ። በኛ ዘንድ እመጣለሁ ያለ እንግዳ እያለ ቤት ዘግቶ መሄድ ነውር ነው። ያውም ኢንሻአላህ ብሏል አሉኝ። መጥቶ በሩን ተዘግቶ ቢያገኘው በአኼራ አላህ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ አሉኝ። እንግዳው ማን ነው ስላቸው ባለ ጃንጥላው ያመጣዋል አሉ። ሮቢት ውስጥ ባለ ጃንጥላ ስንት አለ?"

"እኔ ብቻ ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያው ወይ አምጣ፣ ወይ አላመጣም በልና ገላግለኝ።"

አላመጣም ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ግን አልወጣልኝም። ያን ያህል ጊዜ በተስፋ የጠበቁ ሽማግሌ ላይ በር መዝጋት መሰለኝ። እንግዳ አመጣለሁ አልኩት፤ አንድ ቀን ደስ ብሏቸው ያስተናግዱ፣ የቀረውን አባትና ልጅ ይነጋገሩ። መንገዱም ሰላም በሆነበት በኅዳር፣ አዲስ አበባ የእናቴ ጎረቤቶች የሆኑ ባልና ሚስት ለምኜ አስመጣሁ። ሚስትየው የጂኦግራፊ መምህርት የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ አድርገው መጡ። ባልየው ዕድሜ ልካቸውን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሠሩ፣ ሰዓታቸውን ሳያዩ ሰላም የማይሉ ሰው ናቸው።

በማለዳ ጉብታው ሥር ከባጃጅ ስንወርድ የአባባ ልጅ ቆሞ ይጠብቀናል። ገመድና ባዶ ጆንያ የተጫነባት አህያ ይዟል።

"አህያዋ ለምንድን ናት?" አልኩት።

"ለአባቴ ፍራሽና ሣጥን። እንግዶቼን በሸኘሁ ማግሥት እንኳ አልልም፣ በሸኘሁበት ሰዓት እወርዳለሁ ብለው ቃል ገብተውልኛል። ዛሬ ይሸኛሉ፤ ዛሬ ይወርዳሉ። አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!" ብሎ ግራና ቀኝ ሳመኝ።

ያ ሁሉ አልሐምዱሊላህ ምን ማለት እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ትዕግሥት አልነበረም። ሽማግሌው እንግዳ ባለመምጣቱ ከልባቸው ፈጣሪያቸውን ሲያመሰግኑ ኖረዋል። እኔ እስካልመጣሁ ድረስ ከቤታቸው የሚያስወጣቸው የለም፤ እኔ ጎበዙ ደግሞ በደስታ ከአዲስ አበባ ድረስ እንግዳ አስመጥቼ፣ ከኋላዬ አህያ አስከትዬ እየወጣሁ ነው። ባጃጁን መልሼ ልጠራው ዞር አልኩ፤ አቧራው ብቻ ይታያል።

አባባ ጣሪያው ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ ጃንጥላውን አዩ፣ ቀጥሎ ባርኔጣውን፣ ቀጥሎ አህያዋን። ወርደው እንግዶቹን "መርሐባ፣ መርሐባ" እያሉ ተቀበሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ምነው ልጄ? ምነው ቸኮልክ?" አሉኝ።

"ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ እኮ አባባ።"

"እኮ!" አሉኝ።

እንግዳ ግን እንግዳ ነው። የማሽላ እንጀራ በማር፣ ወተት፣ እሸት ቀረበ። ከዚያ አባባ ብድግ ብለው "በሉ ቤቱን ላሳያችሁ" አሉ። ባልየው ወደ እኔ ጠጋ ብለው "በጠቅላላው ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" አሉኝ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው አልኩ።

አባባ በመድረኩ ጀመሩ። መድረክ የምለው በሩ ሥር ያለችውን አንዲት ጥርብ ድንጋይ ነው። ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደተሸከማት፣ የተሸከማት ሰው ማንን እንዳገባ፣ ያገባት ሴት ስንት እንደወለደች ነገሩን። ቀጥሎ የመጀመሪያው ደረጃ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ ፀሐይ አናታችን ላይ ደርሳለች። ግድግዳው ውስጥ የተጋደመ የወይራ ግንድ ሁሉ የየራሱ ታሪክ አለው። ምድር ቤት ስንወርድ ደግሞ የእያንዳንዷን ፍየል እናትና አያት ተማርን። ልጃቸው ደጅ ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ ነበር፤ በየሩብ ሰዓቱ ብድግ ይልና ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ተመልሶ ይቀመጣል። አህያዋ የማሽላ አገዳ አግኝታ እሷም አልቸኮለችም።

ባልየው እስከ እኩለ ቀን ታገሉ። "ወደሚቀጥለው ብንሄድስ?" ይላሉ። አባባም "ይሄ ነው የሚቀጥለው" ይሏቸዋል። ከእኩለ ቀን በኋላ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና ጣሪያው ላይ ሰሌን ላይ ጋደም ብለው አንኮራፉ። አሠልጣኛችን በሁለት ቀን ያላስረዳንን ነገር አባባ በግማሽ ቀን በተግባር አሳዩን።

መምህርቷ ግን አንድም ነገር አላመለጣቸውም። ጣሪያው ላይ ተቀምጠው ሜዳውን ያያሉ፤ የማሽላው ማሳ ላይ ወፍ ጠባቂዎች በየማማው ቆመው ይጮኻሉ፣ ከሩቅ የሮቢት ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። "ብቻዎን አይከብድዎትም?" ብለው ጠየቁ።

አባባ ከግራር ሥር ወዳለ የድንጋይ ክምር በአገጫቸው አመለከቱ። "ብቻዬን አይደለሁም። እሷ እዚያ አለች። ጠዋት ጠዋት አሰላሙ አለይኪ እላታለሁ። ወላሂ አንድ ቀን አላጎደልኩም። ታች ከወረድኩ ማን ይላታል?"

መምህርቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባቸው አስቀመጡ። እኔ ማልቀስ አማረኝ። ጃንጥላዬን ይዤ በፈቃዴ ያመጣሁት ነገር ነው፤ የምመልስበት መላ ግን አልነበረኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለመውረድ ተነሣን፤ ያን ጊዜ የመምህርቷ ባርኔጣ ጠፋ። ሰሌኑን አነሣን፣ ደረጃውን አየን፣ ጥጋጥጉን ሁሉ ቃኘን። ከሁላችንም በላይ የፈለጉት አባባ ናቸው፤ ፍየሎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ሥራቸውን ሁሉ አዩ። በመጨረሻ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና "እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ እፈልገዋለሁ። ስትመለሱ ትወስዱታላችሁ" አሉ።

ልጃቸው ከጥላው ብድግ አለ። "ቆይ፣ አባቴ፣ መሄዳችን እኮ ነው!"

"የእንግዳ ዕቃ ቤቴ ውስጥ እያለ ቤት ዘግቼ ልሂድ? አማና ነው እኮ ልጄ!"

አማና ማለት አደራ ማለት ነው፤ በዚያ አገር ግን ቃሉ ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሰው ዕቃ እጅህ ላይ ከቀረ ባለቤቱ እስኪረከብህ ድረስ ፈጣሪ ራሱ ይጠይቅሃል።

"በፌስታል አድርገን እናወርደዋለን እኮ!" አለ ልጁ።

"ያልተገኘ ነገር በምን ፌስታል ይገባል?"

ልጁ አባቱን አየ፣ አህያዋን አየ፣ እኔን አየ። እኔን ሲያየኝ ብዙ ቆየ። ከዚያ ከንፈሩን ነክሶ አንድ ጆንያ ማሽላ ጭኖ ወረደ።

ቁልቁለቱ ላይ መምህርቷን ከጃንጥላዬ ሥር አስገብቼ ስለ ባርኔጣው ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ።

"የዱቄቱ እንስራ ውስጥ ነው" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ባርኔጣዬ ነዋ። ሲከቱት አይቻቸዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ስንት ዓመት ፈተና ፈትኛለሁ ልጄ። የትኛውን ኩረጃ እንደምይዝ፣ የትኛውን እንዳላየ እንደማልፍ አውቃለሁ።"

"መቼ ይወስዱታል ታዲያ?"

"ምን ያስቸኩላል" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የገበያ ቀኑ ንግግር ተገለበጠ። እኔ ነኝ እትዬን የምጠይቀው። "ባርኔጣው ተገኘ ወይ?" እላለሁ። "እየፈለጉ ነው" ይሉኛል። የአባባ ልጅ ተቆጥቶ ከረመ፤ ቁጣው ግን እግር ነበረው። አንድ ቀን ለደረጃው መደገፊያ የሚሆን ብረት ይዞ ወጣ። ሌላ ቀን በፀሐይ የሚሠራ መብራት፣ ቀጥሎ ቁጥሩ ጎላ ጎላ ያለ ስልክ። ዕቃ ወደ ታች ልታወርድ የተገዛችው አህያ ዕቃ ወደ ላይ ስታወጣ ከረመች።

መምህርቷ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ፤ ባልየውም እኔም ልምጣ ብለው አብረው መጡ። ባርኔጣው አንድ ቀን ቀደም ብሎ "ተገኝቷል"። መምህርቷ ሲያደርጉት ዱቄት ፊታቸው ላይ ረገፈ። ልጁ አባቱን አየና "አባቴ፣ ዳግመኛ አልደብቅም ይበሉ። ወላሂ ይበሉ" አለ። አባባ እንደ ተያዘ ተማሪ አቀርቅረው "ወላሂ" አሉ። ወላሂ ካሉ አለቀ፤ አንገታቸው ቢቆረጥ አይደብቁም።

በዚያች ቀን ጉብኝቱ ቶሎ አለቀ። አባባ ድንጋዮቹን ሳይተርኩ አለፏቸው። መሄጃችን ሲደርስ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ የእንግዶቹን ዕቃ ቆጠረ፤ "ባርኔጣ? አለ። መነጽር? አለ። ሰዓት? አለ። ስልክ? አለ።" አባባ ከኋላው የመስገጃ ምንጣፋቸውን ለአራት አጠፉ፤ ፈቱት፤ እንደገና አጠፉት። ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ ግራሩ አዩ። ያንን ማየት አልቻልኩም። በልጁ ጀርባ በኩል ተንሸራትቼ ወደ ቤት ገባሁ፤ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስል በሩ ኋላ ትንሽ ቆምኩና ወጣሁ።

ልጁ ከቤቱ ዝቅ ብሎ አህያዋን እስካሰረበት ዋርካ ድረስ ሸኘን። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነው። ሊሰናበተኝ እጁን ዘረጋና አናቴን አየ።

"ጃንጥላህስ?" አለኝ።

"ረሳሁት።"

"ልሩጥና ላምጣልህ?"

"ተወው። ሌላ ጊዜ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ኢንሻአላህ" አልኩ። ይህችን ቃል ለጌጥ ሳይሆን የምሬን ስናገራት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከላይ ከጣሪያው "ኧረ ጃንጥላ ተረስቷል! የሰው አማና ነው!" የሚል ድምፅ መጣ፤ እንዲህ ደስ ያለው ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ዋርካው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ለአባቱ ሣጥን ያዘጋጀውን ገመድ ከአህያዋ ላይ ፈታ።

ጃንጥላው እስካሁን እዚያው በሩ ኋላ ተሰቅሏል። እኔ ደግሞ ከሰልኩ። ባለ ባጃጆቹ "ጋሼ፣ ዝናቡ አባራ እንዴ?" ይሉኛል። በየገበያው ቀን እትዬ ይመጣሉ።

"ጃንጥላውን መቼ ነው የሚወስደው ብለዋል አባባ።"

"አላህ ባለው ቀን ይበሏቸው እትዬ። አልቸኩልም።"

በሚቀጥለው ገበያ ምን አሉ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

"አልሐምዱሊላህ አሉ" ይሉኛል።